ሳይጠይቁ መሥራት

ሰው ከጥፋቱ የሚማረው ጥፋቱን ደፍሮ የተናገረ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ እኔም በወጣትነቴ የሠራሁትን አንድ ጥፋት ለወጣት አንባቢዎቼ ልናገር፤ ምናልባት ለአንዱ እንኳ ይጠቅመው ይሆናል።

ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ በያዝሁ በሁለተኛው ዓመት፥ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋራ ወደ አንዲት ጥንታዊት የገጠር ከተማ ላከኝ። በዚያ ብዙ ዘመን ያስቈጠረ ቤተ ክርስቲያን አለ። የተላክንበትም ጕዳይ ለብራና መጻሕፍቱ ዕቃ ቤት፥ ለጐብኚዎችም በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ የሚሠራበትን ፕላን ለመንደፍ ነበር። ወሩ የካቲት ነው፤ ምድሩ ደርቋል፥ ሰማዩም ጥርት ብሏል። ሦስት ቀን ሙሉ በሜትር ለካን፥ ችካል ተከልን፥ በወረቀት ነደፍን። በነዚያ ቀኖች ከአገሬው ሰው ጋራ የተነጋገርነው የሚጠጣ ውሃ ለመለመን ብቻ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሕዝቡን በጥዱ ሥር ሰበሰብን። ልብ በሉ፤ የሰበሰብነው ልንነግረው እንጂ ልንጠይቀው አልነበረም። ፕላኑን ዘርግቼ ሳስረዳ፥ አንድ ሽማግሌ በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡና፥ «ልጄ፥ ሥዕሉስ ያማረ ነው። ነገር ግን ክረምቱን በየት ልትሰዱት አስባችኋል?» አሉኝ። እኔም ነገሩ አልገባኝምና ፈገግ ብዬ፥ «አባቴ፥ ይኸ በመሐንዲስ የታሰበበት ነው» ስል መለስሁላቸው። እሳቸውም ጥቂት ተመለከቱኝና ዝም ብለው ተቀመጡ። ያ ዝምታ መስማማት መስሎኝ ነበር።

መንገዱም ዕቃ ቤቱም ተሠራ። በነሐሴ ወር ግን አንድ ሌሊት ኀይለኛ ዝናም ጣለ። ለካስ ድንጋዩን ያነጠፍነው ሣር ሸፍኖት በኖረው በጥንቱ የውሃ ቦይ ላይ ኖሯል። ጐርፉ መውረጃ ቢያጣ ዞሮ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገባ። መጻሕፍቱን ያዳኑት እነዚያው ያልጠየቅናቸው ሰዎች ናቸው፤ በጨለማ ደርሰው፥ ወንዱም ሴቱም እየተቀባበለ፥ በጋቢና በነጠላ ጠቅልለው አወጧቸው። አንዱ መጽሐፍ ግን ውሃ ውስጥ አድሮ ቅጠሎቹ እንደ ተጣበቁ ቀሩ።

ነገሩን እንዳጣራ በተላክሁ ጊዜ ያን መጽሐፍ ያሳዩኝ እኒያው ሽማግሌ ነበሩ። አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም፤ «ራት በልተሃል?» ብቻ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ኖሮ በቀለለኝ ነበር። በማግሥቱ በዘንጋቸው ባመለከቱን ስፍራ ንጣፉን ቈርጠን ቦዩን ከፈትነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቅርስ ጥበቃ የሚነገረውን ሁሉ በሌላ ዓይን መመልከት ጀመርሁ። ላሊበላን እንውሰድ። ከአለት የተፈለፈሉት 11 ዐብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ጥንት የተበጁላቸው የውሃ ቦዮች ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተደፍነው ኖረው በኋላ ዘመን ተጠረጉ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ዝናሙን እንዲከላከል ተብሎ ከአምስቱ በላይ ትልልቅ መጠለያ ተተከለ። አሳቡ በጎ ነበር፤ የታቀደውም ለጊዜው ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን ነዋሪው የመጠለያው ክብደት ዐብያተ ክርስቲያናቱን እንዳይጐዳ ሠጋ፤ በ2011 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ሥጋቱን አሰማ። እንዲህ ያለው ሥጋት አደባባይ ሳይወጣ፥ ገና ፕላን ሲነደፍ ቢደመጥ ለሁሉም ይበጃል።

በ2003 ዓ.ም. የተመዘገበውን የኮንሶን ምድር ደግሞ ተመልከቱ። እርከኑንና በድንጋይ ካብ የታጠሩትን መንደሮች ከ400 ዓመት በላይ ጠብቆ ያኖራቸው፥ በየጊዜው እየተባበረ ካቡን የሚጠግነው የአገሩ ገበሬ ነው። እርከኑ ለርሱ እንጀራው ነውና ማንም ሳያዘው ይጠብቀዋል። «የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ማለት ይኸው ነው።

ይኸን ስል የተማረ ሰው አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። መሐንዲሱ የብረቱን ክብደት ያውቃል፤ ሽማግሌው የጐርፉን መንገድ ያውቃል። አንዱ ያለ ሌላው ጐዶሎ ነው።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ! ነገ ሹም ወይም መሐንዲስ ሆነህ ወደ አንድ አገር የተላክህ እንደ ሆነ፥ ፕላንህን ገና በእርሳስ ሳለ ለነዋሪው አሳየው፤ በቀለም ከጻፍኸው በኋላ መጠየቅ ማላገጥ ነው። የአገሩን ትልልቆች ብቻ ሳይሆን ውሃ የምትቀዳውን ሴትና ከብት የሚጠብቀውን ልጅ ጠይቅ። የነገሩህንም ጻፈው፤ የማትቀበለው ቢሆን ምክንያቱን ንገራቸው።

አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። እኔ ግን አጥሩን የማጠብቅ መስሎኝ ባለቤቱን ናቅሁ።