ስለ መንዝ እረኞች የእጅ ሥራ

በመንዝ ደጋ በግ የሚጠብቁ ልጆች የሚሠሯትን መኪና ያላየ መንገደኛ ጥቂት ነው፤ ቁጭ ብሎ የመረመራት ግን ከዚያም ያንሳል። ዕቃዋ ሁሉ ከጥራጊ የተገኘ ነው። አካሏ ባዶ የዘይት ጀሪካን፤ መሪዋ ከተሰበረ ጃንጥላ የወጣ ሽቦ፤ እግሯም የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ነው። ቆርኪ ያጣ እንደ ሆነ ካረጀ የጎማ ጫማ ክብ ቈርጦ ያወጣል። የምትመስለውም ከመሐል ሜዳ ገበያ በግ ጭኖ የሚወጣውን ኢሱዙ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው የልኩ ነገር ነው። በባሕር ማዶ በሣጥን እየተሸጡ የሚገጣጠሙት ትንንሽ አውሮፕላኖችና መኪናዎች ልካቸው በሣጥኑ ላይ ታትሟል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1936 በእንግሊዝ አገር የወጡት የፕላስቲክ አውሮፕላኖች ልካቸው 1 ለ72 ነበረ፤ ይኸውም 6 ጫማ የሚረዝመው ሰው 1 ኢንች ይሆናል ማለት ነው። ከጥራጊ የሚሠራ ግን ልኩን የሚቀበለው ከጥራጊው ነው። ቆርኪ ከዳር እስከ ዳር 32 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን የኢሱዙው ጎማ ወደ 77 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ ስለዚህ መኪናይቱ 1 ለ24 ትሆናለች። ይህም ልክ የውጭ አገር ሠሪዎች ለመኪና አዘውትረው የሚይዙት ነው፤ እረኛው ማንም ሳይነግረው ደረሰበት! እንግዲህ 6 ሜትር ከግማሽ የሚሆነው ኢሱዙ 27 ሳንቲሜትር፣ ማለት ከስንዝር ጥቂት ያለፈ መሆን ይገባዋል። ጀሪካኑ ካጠረ መኪናይቱ እግሯ ከአካሏ በልጦ ታስቃለች። ዐይኑ የሠለጠነ ልጅ ይህን ያለ ቍጥር ያውቀዋልና ሌላ ጀሪካን ይፈልጋል እንጂ ቆርኪውን አይነካም።

ቤት ከዚህ ይከብዳል። የመንዝ ቤት በድንጋይ ተክቦ በጓሳ ሣር ይከደናል። ልጁ ጠጠር መርጦ በጭቃ ሲክብ ግድግዳው ያምርለታል፤ ክዳኑ ላይ ግን ይቸገራል፤ አንዲቱ የሣር ዘለላ በዚያች ቤት ላይ ማገር ታህላለችና። ለባና ሲፈተል የተረፈውን የበግ ጠጕር ማልበስ ሳይሻል አይቀርም።

በጎቹ እህል ውስጥ የገቡ ቀን ግን ልጁን የሚጠብቀው ዱላ ብቻ አይደለም፤ «ጠይብ» የሚለውም ስድብ ይጨመርበታል። ዳግማዊ ምኒልክ ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን በሥራው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. ዐውጀው ነበር፤ ስድቡ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ከአፍ አልጠፋም። የሚያሳዝነው ልጁ ስድቡን ሰምቶ ሥራውን እንደ ነውር መደበቁ ነው።

ጀሪካኗ የተሰነጠቀች መኪና ስትጣል ቆርኪዎቹ ይነቀላሉ፤ ሽቦውም በድንጋይ ተቀጥቅጦ ይቃናል፤ ለምትከተለውም መኪና በካብ ሥር ይሸሸጋሉ።