የገቢ ሹም ደመወዝ በጎሬ፦ በመዝገብ የተጻፈውና በቤት የሚጠበቀው

የአንድ ሙያ ደመወዝ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቁጥር ይነገራል። በገቢ አስተዳደር ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ግን ሦስት ደመወዝ አለው ማለት ይቻላል። አንደኛው በደመወዝ ስኬል ላይ የሰፈረው ነው። ሁለተኛው ግብርና ጡረታ ተቀንሶ እጁ ላይ የሚደርሰው ነው። ሦስተኛው የትም ሳይጻፍ ዘመድ፣ ጎረቤትና ነጋዴ የሚገምቱለት ነው። ይህ ጽሑፍ በኢሉባቦር፣ በተለይም በጎሬ ከተማ፣ የገቢ ሹምነትን ሙያ አድርጎ የሚይዝ ምሩቅ ምን ያህል ደመወዝ መጠበቅ እንዳለበት ይመረምራል። መነሻ ሐሳቡም የባለሙያውን ኑሮ ከሁሉ ይልቅ የሚፈትነው ሦስተኛው፣ ያልተጻፈው ደመወዝ ነው የሚል ነው።

ጎሬ ለዚህ ጥያቄ የተገባች ከተማ ናት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የኢሉባቦር ገዥ የነበሩት ራስ ተሰማ ናደው መቀመጫቸው አደረጓት። በ1894 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እንግሊዝ በተፈራረሙት ውል እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ከተፈቀደላቸው በኋላ፣ ጋምቤላ የምዕራቡ አገር የንግድ በር ሆነች። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ መርከቦች እስከ ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። የጎሬና የአካባቢዋ ቡና በበቅሎና በሰው ሸክም በቡሬ በኩል ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ጨውና ጨርቅ ደግሞ በዚያው መንገድ ወደ ደጋው ይወጣል። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች በከተማዋ ሱቅ ከፈቱ፤ እንግሊዞችም ቆንስላ አቆሙ። ንግድ ባለበት ቀረጥ አለ፤ ቀረጥ ባለበትም የሚቀበል፣ የሚቆጥርና የሚያስረክብ ሰው አለ።

ያ ሰው ደመወዙን ያገኝ የነበረው ከሚሰበስበው ገንዘብ ነበር። በዘመኑ የጉምሩክን ሥራ የሚመራው ነጋድራስ፣ ብዙ ጊዜ ለመንግሥት ግምጃ ቤት በዓመት የተወሰነ ገንዘብ ለማግባት ይዋዋላል፤ ከዚያ በላይ የተረፈው የራሱ ነው። በሥሩ ያሉት የኬላ ጠባቂዎችም ኑሯቸው ከዚያው ከሚሰበሰበው ነበር። መንግሥት የደመወዝ መዝገብ መያዝ አላስፈለገውም፤ ሹመቱ ራሱ ደመወዝ ነበርና። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም በዚህ ዓይን ሲታይ ትርጉሙ ይሰፋል። ዛሬ የሙስና መፈክር ተደርጎ የሚጠቀሰው ይህ አባባል፣ ሹመት በደመወዝ ፈንታ በሚሰጥበት ሥርዓት ውስጥ የአንድን የሥራ ውል እውነታ ይገልጽ ነበር። በሹመቱ ዘመን ያልበላ ሰው የሠራበትን ዋጋ ሳይቀበል ተሰናበተ ማለት ነው።

ይህ አሠራር አገርን እንደሚጎዳ አስቀድመው ካዩት አንዱ፣ ራሳቸው በድሬዳዋ በነጋድራስነት የሠሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በጽሑፎቻቸው የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ የግል ገንዘብ ተለይቶ እንዲያዝ፣ ግብርም በሥርዓት እንዲወሰን አሳስበዋል። ሐሳቡ በሕግ መልክ ለመያዝ ግን ጊዜ ወሰደ። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ አገረ ገዥዎችን በመንግሥት ደመወዝ የሚተዳደሩ ሹማምንት አደረጋቸው፤ ግብር የመሰብሰቡ ሥራም በገንዘብ ሚኒስቴር ሥር ተጠቃለለ። ከዚያ ወዲህ በሰብሳቢው እጅ የሚያልፈው ገንዘብና የሰብሳቢው ገንዘብ በሕግ ተለያዩ። ምሳሌያዊ አነጋገሩ ግን ከድንጋጌው ጋር አልተሻረም፤ በሰው አፍና በሰው ግምት ውስጥ ቀረ።

ወደ ዛሬው እንመለስ። የኢሉባቦር ዋና ከተማነት ከጎሬ ወደ መቱ ከተዛወረ ቆይቷል፤ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመቱ ዩኒቨርሲቲም የአካባቢውን ወጣቶች በአካውንቲንግ፣ በኢኮኖሚክስና በማኔጅመንት ያስመርቃል። የግብር ተቋማቱም ተለዋውጠዋል። በፌዴራል ደረጃ በ2000 ዓ.ም. የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የገቢዎች ሚኒስቴር ተመልሶ መጣ፤ ጉምሩክም ራሱን የቻለ ኮሚሽን ሆነ። በጎሬ ያለ አነስተኛ ነጋዴ የሚያውቀው ግን በክልሉ ሥር ያለውን የአካባቢውን የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው። በዚያ ጽሕፈት ቤት የተቀጠረ ምሩቅ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ደመወዙም የሚወሰነው በሚሰበስበው መጠን ሳይሆን በሥራ ደረጃውና በእርከኑ ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር እንግዲህ ይህ ነው። መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገው የደመወዝ ማሻሻያ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ አዲስ የሚቀጠር ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። የስኬሉ ዝቅተኛ መነሻ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ ከፍተኛው ጣሪያ ደግሞ ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ደርሷል። ስለዚህ አንድ ምሩቅ በኦዲተርነት ወይም በግብር አወሳሰን ባለሙያነት ጀምሮ እስከ ኃላፊነት ቢደርስ፣ የሙያ ዘመኑ ደመወዝ የሚንቀሳቀሰው በ11,500ና በ39,000 ብር መካከል ነው፤ የወረዳ ኃላፊነትም ከጣሪያው በታች ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ይገኛል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት በወር እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የመቀጠር ገቢ ከግብር ነፃ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። በዚህ ስሌት ከ11,500 ብር ላይ 2,100 ብር ግብር ይነሣል፤ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 805 ብር ይሆናል፤ ለሠራተኛው የሚተርፈው 8,595 ብር ነው። በቀድሞው ደመወዝና በቀድሞው የግብር ሠንጠረዥ ይኸው ሠራተኛ በእጁ ያገኝ የነበረው 5,284 ብር ገደማ ነበር። በጣሪያው 39,000 ብር ላይ ደግሞ ግብሩ 11,600፣ መዋጮው 2,730፣ የተጣራው 24,670 ብር ነው። ሌላውን ግብር የሚያስከፍለው ባለሙያ ራሱ ግብሩን ከምንጩ የሚከፍል መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የጭማሪውን ክብደት ለመመዘን ደግሞ አንድ ነገር መታወስ አለበት፦ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ለገበያ ሲከፈት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር፣ ማሻሻያው ተግባራዊ ሲሆን ከእጥፍ በላይ ደርሶ ነበር። የጭማሪው ከፊል የጠፋውን የመግዛት አቅም መመለሻ እንጂ አዲስ ሀብት አይደለም።

ሦስተኛው ቁጥር ከእነዚህ ሁለቱ አይሰላም። ለምሳሌ በመቱ የተመረቀች አንዲት የጎሬ ልጅ በገቢዎች ጽሕፈት ቤት ተቀጠረች እንበል። በመጀመሪያው ወር አክስቷ ለልጃቸው የትምህርት ቤት ወጪ ይጠይቋታል። «እትዬ፣ ደመወዜ እኮ ስምንት ሺህ ከምናምን ነው» ብትላቸው፣ «ልጄ፣ ገንዘቡ ሁሉ በእናንተ በኩል አይደል የሚያልፈው?» ብለው ይመልሳሉ። አክስቲቱ ልጃቸው እንድትሰርቅ አልጠየቁም፤ እንዲህ ቢባሉም ይቆጣሉ። የሚያሰሉት ግን ከደመወዝ ወረቀቷ ተነሥተው አይደለም፤ በጽሕፈት ቤቷ በር ከሚገባውና ከሚወጣው ገንዘብ ተነሥተው ነው። ይህ ስሌት የነጋድራሱ ዘመን ስሌት ነው። አስተማሪ ወይም ነርስ ሆና ቢሆን ኖሮ፣ በተመሳሳይ ደመወዝ፣ እንዲህ ያለ ግምት አይጠብቃትም ነበር።

ነጋዴውም የራሱ ግምት አለው፤ ግምቱም መሠረት ያገኘው ከሥራው ጠባይ ነው። የሒሳብ መዝገብ የማይይዝ አነስተኛ ነጋዴ የሚከፍለው ግብር በግምት ይወሰናል። በ2009 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ የተካሄደው የቀን ገቢ ግምት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ገማቾች ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ የዕለት ሽያጩን ገመቱ፤ ውጤቱ ሲነገር በኦሮሚያ ብዙ ከተሞች ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው ተቃውሞ አሰሙ። በእንዲህ ያለ ሥራ የአንድ ባለሙያ ብዕር የሚያነሣው ወይም የሚጥለው ገንዘብ የራሱን የዓመት ደመወዝ ሊበልጥ ይችላል። በወር 8,595 ብር የተጣራ ገቢ ያለው ሰው በዓመት የሚያገኘው 103,140 ብር ነው። የፈተናው ልክ የሚታወቀው ይህ ቁጥር ፊቱ ከተቀመጠው ፋይል ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ነው።

ደመወዝ ሲመዘን አደጋም አብሮ ይመዘናል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሠራተኞች አስተዳደር ደንብ፣ ዋና ዳይሬክተሩ በሙስና ተጠርጥሮ እምነት ያጣበትን ሠራተኛ እንዲያሰናብት ሥልጣን ሰጥቶ ነበር፤ የተሰናበተውንም በየትኛውም የፍርድ አካል ውሳኔ ወደ ሥራ እንዳይመለስ ከልክሏል። በ2005 ዓ.ም. የተቋሙ ከፍተኛ ኃላፊዎች በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ፤ ዓመታትን በእስር ካሳለፉ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ክሳቸው ተቋረጠ። ጥፋተኛነት ሳይረጋገጥ ዓመታት የሚያልፉበት ሙያ፣ ዋጋው በወር ደመወዝ ብቻ ሊተመን አይችልም። ጥንቃቄ፣ የሰነድ አያያዝና የማይወላውል ምስክር ያስፈልገዋል።

ታዲያ ደመወዙን እጅግ ከፍ ማድረግ መፍትሔ ይሆናል? የዩጋንዳ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በ1983 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን በ1991) የተቋቋመው የዩጋንዳ የገቢዎች ባለሥልጣን ለሠራተኞቹ ከሌላው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ብዙ እጥፍ ይከፍል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሰበሰበው ገቢ ከአገሪቱ ምርት አንጻር አደገ፤ ቆይቶ ግን ዕድገቱ ቆመ፤ ሙስናም ተመልሶ መጣ። ጉዳዩን ያጠኑት ኖርዌያዊው ተመራማሪ ኦድ ሄልጌ ፌልስታድ ከጠቆሟቸው ምክንያቶች አንዱ ዘመድ ነው፦ ደመወዙ ከፍ ሲል የቤተ ዘመዱ ጥያቄ አብሮ ከፍ አለ፤ ሠራተኛው ከጭማሪው በፊት ከነበረበት ብዙም ያልተለየ ችግር ላይ ወደቀ። እንግዲህ በካምፓላም ሆነ በጎሬ ያልተጻፈው ደመወዝ ከተጻፈው ቀድሞ ይሮጣል ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። የመጀመሪያው ለምሩቁ ነው። የገቢ ሹምነትን ሙያ አድርጎ የሚመርጥ ሰው የሚጠብቀውን ደመወዝ በተጣራው ይቁጠር፤ 11,500 ሳይሆን 8,595 ብር ብሎ ይጀምር፤ ወደ ጣሪያው የሚያደርሰው መንገድም የብዙ ዓመታት መሆኑን ይወቅ። ከሥራው ጋር የሚያገኘው ሌላ ሀብት የሕግና የሒሳብ ዕውቀት ነው፤ ይህ ዕውቀት ወደፊት በኦዲት ድርጅት፣ በባንክ ወይም በግብር አማካሪነት በሕጋዊ መንገድ ዋጋ ያወጣል። የተጣራውንም ቁጥር ለቤተሰቡ በመጀመሪያው ወር፣ ጥያቄ ሳይበዛ፣ በግልጽ ይናገር። ዝምታ ግምትን ያሳድጋል፤ ያደገ ግምት ደግሞ ዕዳ ይሆናል።

ሁለተኛው ለተቋሙ ነው። ጽሕፈት ቤቶች የሚሰበስቡትን ገቢና የዕቅድ አፈጻጸማቸውን ያስታውቃሉ፤ ሠራተኛው በምን እንደሚኖር ግን ሕዝቡ አይሰማም። የአካባቢው ነጋዴ የሰብሳቢውን ደመወዝ በቁርጥ ቢያውቅ፣ ግምቱን የሚያቆምበት መሠረት ያገኛል፤ ባለሙያውም ለዘመዱ «የለኝም» ሲል የሚያምነው አያጣም። ደመወዝን ከኑሮ ውድነት ጋር በየጊዜው ማስተካከልም የመንግሥት ቸርነት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ገቢ ለመሰብሰብ የሚወጣ ወጪ ነው። ነጋድራሱ ይህን ወጪ ራሱ ከሰበሰበው ላይ ይቀንስ ነበር። ሕጉ መቀነሱን ከከለከለ 84 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ በምትኩ ቃል የተገባው የሚያኖር ደመወዝ ግን እስካሁን ለጎሬ ባለሙያ ሙሉ በሙሉ አልተከፈለም።