የማያንሸራትት ወለል

እናቴ ገርጂ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በራሷ በረንዳ ሴራሚክ ላይ ተንሸራትታ የወደቀች ቀን እኔ ዱባይ ውስጥ ተንበርክኬ የማላውቀው ሰው ጀልባ ወለል በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግኩ ነበር። ሐምሌ 2015 ነው። እዚህ ዝናብ፣ እዚያ ጥላ ሥር እንኳ ከ40 ዲግሪ በላይ። እህቴ በዋትሳፕ የላከችውን ድምፅ የሰማሁት ማታ ነው። ወለሉ ላይ ስንሠራ ስልክ ኪሳችን ውስጥ መያዝ አይፈቀድልንም ነበር፤ ቢወድቅ እንጨቱን ይሰረጉዳል ተብሎ።

«እማዬ ወድቃ እጇ ተሰብሯል። አሁን ደህና ናት፣ አትደንግጥ» ትላለች።

በማግስቱ አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅኩ። ፓስፖርቴ እነሱ ጋ ነው፤ ውሌ ሊያልቅ ሰባት ወር ቀርቶታል። «ሞታለች?» አለኝ። አልሞተችም አልኩት። «እንግዲያውስ ጨርሰህ ትሄዳለህ» አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይመስለኝም። የጀልባው ባለቤት የሚመጣበት ቀን ተቆርጦ ነበር።

የካቲት ላይ ስመጣ የእማዬ እጅ ትንሽ ተጣሞ ገጥሟል። እሱን ለመድኩት። ያልለመድኩት በረንዳውን መተዋን ነው። ገርጂ ኮንዶሚኒየም ከከተማው የመጀመሪያዎቹ ነው፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከጀርመኖቹ ጂቲዜድ ጋር ለሙከራ የተሠራው ማለት ነው። እማዬ እዚያ ከገባች ጀምሮ ያቺ በረንዳ ግቢዋም ሳሎኗም ነበረች። ቡና የምታፈላው፣ በርበሬ የምታሰጣው፣ ማን ወጣ ማን ገባ የምታየው እዚያ ነው። አሁን በሩ ተዘግቷል፣ ፊት ለፊቱ ወንበር ተቀምጧል። «ያዳልጣል» ትላለች፣ በቃ።

እዚህ ላይ ሥራዬን ማስረዳት አለብኝ፤ እማዬም ለዓመታት አልገባትም ነበር። ለጎረቤት «መርከብ ላይ ነው የሚሠራ» ትላለች። አንድም ቀን ባሕር ላይ ወጥቼ አላውቅም። የምንሠራው ጀልባው ከውኃ ወጥቶ ድጋፍ ላይ ቆሞ ነው። ሥራችን ሀብታሞች በባዶ እግራቸው የሚረግጡትን የእንጨት ወለል ማንጠፍ ነው። እንጨቱ ቲክ ይባላል።

ቲክ የህንድ፣ የምያንማር፣ የታይላንድና የላኦስ ዛፍ ነው። ውስጡ የራሱ ዘይት አለው፤ ውኃ ቶሎ አይገባውም፣ ምስጥም አይወደውም። ሌሎች እንጨቶች ረጥበው ሲደርቁ ያብጣሉ፣ ይሰነጠቃሉ፤ ቲክ እንቅስቃሴው ትንሽ ነው። መርከበኞች ለዘመናት የወደዱት ግን ለሌላም ነገር ነው፦ ሲረጥብ እግር ይይዛል። ማዕበል ወለሉን አጥቦት እንኳ ሰው ቆሞ መሥራት ይችላል። ሰው ሁሉ ለውበት ይመስለዋል። መነሻው ሰው እንዳይወድቅ ነው።

ይህን ያስተማረኝ የኬራላ ሰው የሆነው አለቃችን ነው። ሁላችንም «ኡስታድ» እንለዋለን። አገሩ ኒላምቡር ነው፤ እንግሊዞች በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቲክ አስተክለውበት እስከ ዛሬ ዛፎቹ የሚጎበኙበት ቦታ። ኡስታድ ጣውላ ሲመርጥ አያይም፣ ጫፉን ነው የሚያየው። የዕድሜው መስመሮች ጫፉ ላይ ቀጥ ብለው ከቆሙ ይቀበላል። እንደ ቅስት ከተጋደሙ ወዲያ ይወረውራል፤ እንዲህ ያለው ጣውላ ውሎ አድሮ እንደ ሰሃን ይጎደጉዳል። ከዚያ የወለሉ ቅርጽ በስስ ኮምፔርሳቶ ይለካል፣ ጣውላው ቅርጹን ተከትሎ ይቆረጣል። ድሮ በብሎን ታስሮ ብሎኑ በእንጨት ቡሽ ይደፈን ነበር። አሁን በማጣበቂያ ነው፤ እያንዳንዱ ብሎን ለውኃ አንድ በር ነውና።

በጣውላና በጣውላ መሐል አራት አምስት ሚሊሜትር ክፍተት ይተዋል። በዚያ ውስጥ ጥቁሩ ላስቲክ ይሞላል፤ በፎቶ የምታዩት ጥቁር መስመር እሱ ነው። መጀመሪያ ግን ከክፍተቱ ሥር ስስ ፕላስተር ይለጠፋል። ላስቲኩ ግራና ቀኝ ያሉትን ጣውላዎች ብቻ እንዲይዝ፣ ከታች ከወለሉ ጋር እንዳይጣበቅ። በሦስት በኩል ከተያዘ፣ እንጨቱ ሲንቀሳቀስ የሚለጠጥበት አጥቶ ይቀደዳል። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ፕላስተር ለጥፌያለሁ።

እና የእማዬን በረንዳ ለካሁት። 1 ሜትር ከ20 በ2 ሜትር ከ80። ከሦስት ካሬ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ዱባይ ይህን ያህል ቦታ የምንጨርሰው ከምሳ በፊት ነው። «ጀልባ እሠራልሻለሁ» አልኳት። «መጀመሪያ ብላ» አለችኝ።

ችግሩ እንጨቱ ነበር።

ቲክ ብዬ ጀመርኩ። አንድ አስመጪ ከምያንማር የመጣ ጥቂት አለኝ አለ፤ ዋጋውን ሲነግረኝ ሳቅኩ። ዋጋው ብቻ አይደለም። የተፈጥሮ ደን ቲክ የሚመጣው በዋናነት ከዚያው አገር ነው። ምያንማር ግንድ ወደ ውጭ መላክ የከለከለችው በ2014 (እ.ኤ.አ.) ነው። በ2021 ወታደሩ መንግሥት ሲገለብጥ አሜሪካና አውሮፓ ኅብረት የእንጨት ድርጅቱ ላይ ማዕቀብ ጣሉ፤ ገንዘቡ ወደ ጄኔራሎቹ ኪስ ነው የሚሄደው ብለው። በ2024 አንድ ስመ ጥር የእንግሊዝ ጀልባ አምራች የእንጨቱን ምንጭ በአግባቡ ሳያጣራ አስመጥቷል ተብሎ ፍርድ ቤት ተቀጥቷል። እኔ ዱባይ ስሠራ አንድም ቀን «ይሄ ከየት መጣ?» ብዬ አልጠየቅኩም። ጫፉን ብቻ ነው ያየሁት። ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን ውስጥ እንኳ በእንግሊዞች ጊዜ የተተከለ ቲክ አለ፤ ይህን ያወቅኩት ከመጣሁ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ዋንዛ። ዋንዛ የኛ ቲክ ነው ማለት ይቻላል፤ ቀለሙ ያምራል፣ ለሥራ ይመቻል፣ ብዙ አይጣመምም። በአንድ የማውቀው ልጅ በኩል ደላላ ደወለልኝ። «ከምዕራብ የመጣ፣ የጥንት ዛፍ፣ ወርዱ ይሄን የሚያህል። ግን ማታ ነው የምታነሳው።»

«ወረቀት አለው?»

«ወንድሜ፣ ለሦስት ካሬ ወረቀት ምን ያደርግልሃል?»

ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ በ1999 እና በ2010 ሌሎች አዋጆች ተተክተውበታል፤ የደን ውጤት ያለ ፈቃድ ማጓጓዝ ግን ዛሬም ወንጀል ነው። እርግጥ ገበሬ ከማሳው ቆርጦ በፈቃድ የሚሸጠው ዋንዛ አለ። ይሄኛው ያ አልነበረም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ሌሊት አስቤበታለሁ። ለእናቴ ነው፣ ሦስት ካሬ ነው፣ እኔ ባልገዛው ሌላ ሰው ይገዛዋል። ከዚያ ይሄ ራሱ የጀልባዎቹ ባለቤቶች የሚሉት መሆኑ ገባኝ። እነሱም እኮ ለአንድ ጀልባ ነው። ለደላላው ደውዬ ተውኩት አልኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ባሕር ዛፍስ? ስሙ ውስጥ ባሕር አለ፣ ርካሽም ነው፣ ማንም አይከሰስበትም። ግን ሲደርቅ ይጠማዘዛል፤ በደንብ የደረቀ ለማግኘት ደግሞ መርካቶን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። የፕላስቲክና የሰጋቱራ ድብልቁንም አየሁ፤ ቡቲክ በር ላይ የሚያነጥፉትን። እማዬ በጣቷ ነካ አድርጋ «ጀሪካን ነው» አለች።

በመጨረሻ ያገኘሁት የፈረሰ ቤት እንጨት ነው። ሚያዝያ 2016፣ ፒያሳ ከፈረሰ ብዙም ሳይቆይ። በር፣ መስኮት፣ ቆርቆሮ፣ ሞራሌ ተደርድሮ ይሸጣል። ከጥግ አቧራና ቀለም የጠጣ የወለል ሳንቃ ክምር ነበር። ሻጩ ሽማግሌ ናቸው። «ጋሼ፣ ምን እንጨት ነው?» አልኳቸው።

«አሮጌ እንጨት ነዋ።»

ጫፉን አየሁት። መስመሮቹ ጥቅጥቅ ብለው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከኪሴ ቢላ አውጥቼ ትንሽ ፋቅ ሳደርገው ሽታው መጣ፤ እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተው ዓይነት። የሐበሻ ጥድ። በቀስታ የሚያድግ፣ ምስጥ የማይደፍረው፣ ድሮ ሰዎች ለቤት ምሰሶ የሚመርጡት። እንደ ቲክ ዘይታም አይደለም፣ ለምስማርም ይሰነጠቃል፤ ግን ለአሥርታት ደርቆ የሚንቀሳቀሰውን ያህል ተንቀሳቅሶ ጨርሷል።

«የማን ቤት ነበር?» አልኳቸው።

«እሱን አትጠይቀኝ» አሉ። ከዚያ ዋጋውን ራሳቸው ቀነሱልኝ።

18 ጣውላ አወጣሁ፣ እያንዳንዱ ስድስት ሳንቲ ወርድ። ጎረቤት ግቢ ውስጥ ባለ እንጨት ቤት ማሽን ተከራይቼ ላግኩት። አንዱን ጣውላ ገልብጬ ሳይ መሐሉ ላይ ጥቁር ክብ አለ፤ የተቃጠለ፣ የከሰል ምድጃ አፍ የሚያህል ግማሽ ጨረቃ፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ ቀጣዩ ጣውላ ላይ። ልገለብጣቸው ነበር። እማዬ ቆማ ታያለች።

«ተወው» አለች። «ቡና ይፈላበት የነበረ ነው።»

«እማዬ፣ ያስቀይመዋል።»

«ልጄ፣ የሰው ቤት ነው የምታነጥፍልኝ። ትንሽ ምልክት ይቅርላቸው።»

ሁለቱንም ጎን ለጎን አደረግኳቸው። ክቡ ገጠመ።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ። ከሥር ሞራሌ አስቀመጥኩ፣ ጣውላውን አጋደምኩ፣ ከዚያ ክፍተቱን በጥቁር ላስቲክ ሞላሁት። ፕላስተሩን ለጥፌ፣ ልክ እንደ ኡስታድ። ያምር ነበር። ፎቶ አንስቼ ዱባይ ላሉት ልጆች ላክሁ፤ ከባሕር ዳር የመጣው ጓደኛዬ «ታንኳ አደረግካት» ብሎ መለሰልኝ። ታንኳ በደንገል ነው የሚሠራው፣ ውኃ ጠጥቶ ከጥቂት ወር በኋላ ይከብዳል። ቀልዱ እውነት ሆነ። በሁለተኛው ቀን የበልግ ዝናብ መጣ። ውኃው በላስቲኩ ማለፍ አልቻለም፣ የበረንዳው ተዳፋት የሚወስደው ወደ ፍሳሽ ቱቦው ነው፣ ቱቦው ደግሞ ከጣውላዬ ሥር ነው። ወለሉ ላይ ኩሬ ቆመ፣ ከዚያ በጠርዙ አልፎ ታች ቤት የተሰጣ ልብስ ላይ ወረደ። እትዬ ከታች ሆነው ጮኹ፤ እኔ በባልዲ እየቀዳሁ ይቅርታ እላለሁ።

ጀልባ ክፍተቱን የሚደፍነው ውኃው ወደ ሆዱ እንዳይገባ ነው። በረንዳ ሆድ የለውም። ውኃው በመሐል ወርዶ መሄድ አለበት። ይህን ለማወቅ ስምንት ዓመት ልምድ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ልምዱ ነው ያሳወረኝ። የሚያምረውን መስመር ፈልጌ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ላስቲኩን በመሮ አውጥቼ ጣለኩ፣ አምስት ሚሊሜትሩን ክፍት ተውኩት፣ ቱቦው ላይ ሁለት ጣውላ ያለ ብሎን አስቀመጥኩ፤ ተነስቶ እንዲጸዳ። ቫርኒሽ አልቀባሁትም። ቫርኒሽ ያዳልጣል።

ሐምሌ ገባ። በወደቀችበት ወር ማለት ነው። አንድ ከሰዓት ዝናቡ እንደ አባራ በሩ ሲከፈት ሰማሁ። እማዬ ጫማዋን አውልቃለች። አንድ እግሯን አስቀደመች፣ የበሩን መቃን ይዛ ቆየች፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ልደግፋት ተነሳሁ፣ ግን ቆምኩ። የተጣመመ እጇን ከመቃኑ ላቀቀች። በእርጥቡ እንጨት ላይ እስከ ዳር ሄዳ ወደ ታች አየችና «ይቺ ልጅ ደግሞ መቼ ጠቆረች?» አለች፤ የጎረቤት ልጅ ነው የምታየው።

ምድጃዋን አሁን የምታስቀምጠው ክቡ ላይ ነው፣ ከሥሩ ላሜራ አድርጋ። ጥዱ ቀስ በቀስ ወደ አመድማ እየሄደ ነው፤ እንጨት ፀሐይ ላይ የሚሆነው ነው። አንድ ነገር ብቻ እንጣላለን። እንዲህ ያለ ወለል የሚታጠበው በአግድም ነው፤ በጣውላው ርዝመት ከፈተጉት ለስላሳው ክፍል እየተበላ ይቦረቦራል። ዱባይ ይህን የጣሰ ሰው ከሥራ ይባረር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ ኦሞና ብሩሽ ይዛ ስትወጣ ከኋላዋ እሄዳለሁ።

«በአግድም፣ እሺ?»

«እሺ» ትላለች። ከዚያ እንደፈለገችው ትፈትገዋለች።