ከአስቄጥስ በረሃ ለእኅቴ ልጆች

ዋዲ ናጥሩን፣ ግብፅ
ዓርብ ማታ፣ ጥቅምት

ለማሚቱና ለማሙሽ፣

በዚህ ዕድሜያችሁ ማሚቱና ማሙሽ ስላችሁ እንደማትወዱ አውቃለሁ፤ ግን አጎት ነኝና ቻሉት። የመንገዱን፣ የምግቡን፣ የሆቴሉን ነገር ለእናታችሁ በስልክ ነግሬያታለሁ። ይህ ግን ለሁለታችሁ ብቻ ነው። በስልክ ቢሆን እናንተ ታፍራላችሁ፣ እኔም መስበክ እጀምራለሁ።

እዚህ አገር የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው። በመጣሁበት ሥልጠና አብሮኝ ያለ አንድ ኮፕቲክ ክርስቲያን «ገዳም ላሳይህ» አለኝና ገና ሳይነጋ ተነሣን። ከካይሮ ወደ እስክንድርያ የሚወስደውን የበረሃ መንገድ ይዞ 100 ኪሎ ሜትር አለፍ ሲሉ ዋዲ ናጥሩን ይገኛል። ስንክሳር ሲነበብ ገዳመ አስቄጥስ የሚባለው ይኸው ነው። ድንጋይ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ሄጄ ሳየው ግን ዝቅ ያለ አሸዋማ ሜዳ ነው፣ የጨው ሐይቆች አሉት፣ ዳር ዳሩን ሸምበቆ በቅሎበታል። የጥንት ግብፃውያን ሬሳ የሚያደርቁበትን ናጥሮን የሚያወጡት ከዚህ ነበር። ዛሬ በአካባቢው አራት ገዳማት አሉ፦ የአባ መቃርስ፣ የአባ ብሶይ፣ የሶርያውያንና የባራሙስ። እኛ የሄድነው ወደ ባራሙስ ነው፤ የሙሴ ጸሊም ዐፅም ያረፈው እዚያ ነውና።

ግቢው ውስጥ አውቶቡሶች ተደርድረዋል። የእናንተ እኩያ የሆኑ ልጆች ከካይሮ ከየሰበካቸው መጥተው ግቢውን ሞልተውታል። ጂንስ የለበሰ አለ፣ ፀጉሩን እንደ ኳስ ተጫዋች የተቆረጠ አለ፣ ሁሉም ስልክ ይዟል። ስልኩን ከፍ አድርጎ ፎቶ ሲያነሣ ግን ከእጁ አንጓ በውስጥ በኩል የተነቀሰች ትንሽ መስቀል ትታያለች። እዚህ ክርስቲያን መሆኑን መደበቅ የፈለገ እጁን መሸፈን አለበት ማለት ነው። ይህን ስታዩ ምን እንደምትሉ ባላውቅም፣ እኔ ግን ደስ ብሎኛል።

ቅዳሴው ሲያልቅ ያየሁት ነገር ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ። እነዚያ ልጆች ጫማቸውን አውልቀው፣ እያንዳንዳቸው ነጭ መሐረብ ይዘው ለቁርባን ተሰለፉ። ሁለትና ሦስት አይደሉም፤ አውቶቡስ ሙሉ ጎረምሳና ኮረዳ ነው። የቆረበው መሐረቡን አፉ ላይ አድርጎ ይመለሳል። እኛ ዘንድ በእናታችን ጀርባ ታዝለን እንቆርባለን፤ ድምፃችን ሲጎረንን እንሸሻለን፤ ፀጉራችን ሲሸብት እንመለሳለን። ፈተናው የሚበዛበትን መካከለኛውን ሠላሳና አርባ ዓመት ያለ ስንቅ እናልፈዋለን። «ገና ወጣት ነኝ፣ እወድቃለሁ፣ ስለዚህ ልራቅ» የሚለው ሐሳብ ትሕትና ይመስላል። የሙሴ ጸሊም ታሪክ ግን በትክክል ይህን ሐሳብ የሚያፈርስ ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ከተማራችሁት በላይ ላጫውታችሁ።

ሙሴ በአራተኛው መቶ ዘመን የነበረ ሰው ነው። ታሪኩን የጻፈው ጳላድዮስ ትውልዱ ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ይናገራል፤ በዚያ ዘመን ቃሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ስለሚያጠቃልል የኛ ሰፈር ልጅ ነው ብዬ አልምልላችሁም። የአንድ ሹም ባሪያ ነበር፤ በክፋቱና በስርቆቱ ምክንያት ጌታው አባረረው፤ የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። አንድ እረኛ ቢያስቸግረው ሊገድለው ብሎ ዓባይ ሞልቶ ሳለ ጎራዴውን በጥርሱ ነክሶ በዋና ተሻገረ። እረኛው ተደብቆ ቢያጣው አራት በጎች አርዶ በገመድ እየጎተተ ተመለሰ፣ ሥጋውን በላ፣ ቆዳውን በወይን ጠጅ ለወጠ። እንዲህ ያለ ሰው ነው መጥቶ የመነኮሰው። ከመነኮሰ በኋላም አራት ወንበዴዎች ማንነቱን ሳያውቁ በዓቱ ውስጥ ተነሡበት። አራቱንም አስሮ፣ ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን አደረሳቸውና ሰው መጉዳት እንደማይፈቀድለት ተናግሮ፣ ምን ላድርጋቸው ብሎ አባቶችን ጠየቀ። እነርሱም መነኮሱ።

አራት ሰው የሚያስረው ይህ ጉልበተኛ የዝሙት ሐሳብ ሲመጣበት አቃተው። ማሙሽ፣ ይህን በደንብ አንብበው። በበዓቱ መቀመጥ ቢሳነው ወደ መምህሩ ወደ አባ ኤስድሮስ ሮጠ። እሳቸው ተመለስ ቢሉት እንደማይችል ነገራቸው። ያን ጊዜ ሰገነት ላይ አወጡትና ወደ ምዕራብ አሳዩት፤ የአጋንንት ሠራዊት ለውጊያ ሲተራመስ አየ። ወደ ምሥራቅ አሳዩት፤ ቁጥር የሌላቸው መላእክት ቆመዋል። ከእኛ ጋር ያሉት እንደሚበዙ ነገሩትና ወደ በዓቱ መለሱት። ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ታሪኩ ግን ይቀጥላል።

ሐሳቡ አልተወውም። ደረቅ እንጀራ ብቻ መብላት ጀመረ፣ በቀን ሃምሳ ጸሎት ያደርስ ነበር። አልቀነሰለትም። ስድስት ዓመት ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይከድን በዓቱ መካከል ቆሞ ጸለየ። አሁንም አልተወውም። በሌሊት እየዞረ የሽማግሌዎቹን ማድጋ ሰብስቦ ውኃ ይሞላላቸው ጀመር፤ የአንዳንዱ በዓት እስከ አምስት ማይል ይርቃል። አንድ ሌሊት ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ሲል ጋኔን ወገቡን በዱላ መታውና አንድ ዓመት ታመመ። በመጨረሻ አባ ኤስድሮስ ከአጋንንት ጋር መታገሉን እንዲያቆም፣ ድፍረት ከልክ ሲያልፍም እንደሚጎዳ ነገሩት። ሐሳቡ ካልተወኝ አልተውም አለ። ያን ጊዜ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም እንደሚተወው ነግረው፣ በድፍረት መጥቶ እንዲቆርብ አዘዙት። በገዛ ኃይሌ አሸነፍሁ ብሎ እንዳይመካ ነበር ያን ሁሉ ዘመን የተፈተነው። ከዚያ በኋላ ዳነ፣ ለቅስናም በቃ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ405 ዓ.ም. ገደማ በርበሮች ገዳሙን ሲወርሩ አልሸሽም ብሎ ተገደለ፤ በዓሉ እኛም ጋ እዚህም ሰኔ 24 ነው።

እኔን የያዘኝ ቅደም ተከተሉ ነው። አባ ኤስድሮስ መጀመሪያ ንጹሕ ሁንና ከዚያ ና አላሉትም። ያስጨነቀውን ነገር ሳይደብቅ ለአንድ አባት ተናግሮ ስለነበር መውጫውን ያገኘው እዚያው ነው። እናንተ ሌሊት በብርድ ልብስ ሥር ስልክ ላይ የምታዩትን ነገር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጋበዛችሁትን ጫት፣ ማሙሽ ጓደኞችህ የሚያስይዙበትን የኳስ ውርርድ ለማንም ሳትናገሩ በጉልበታችሁ ብቻ እናሸንፋለን ብትሉ፣ ከሙሴ የበለጠ ጉልበት ያስፈልጋችኋል። ሐሳብ ስለመጣባችሁ የረከሳችሁ አይምሰላችሁ፤ እርሱንም ከስድስት ዓመት በላይ ታግሎታል።

አንድ ወጣት መነኩሴ አስጎበኙን፤ ከመመንኮሳቸው በፊት መሐንዲስ ነበሩ። እዚህ ከመነኮሳቱ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው የገቡ ናቸው። ከአውቶቡሱ የሚወርዱ ልጆች አብዝተው የሚጠይቁዎት ስለ ምንድን ነው ብላቸው ስለ ስልክ ነው አሉኝ። ምን ይመልሱላቸዋል አልኳቸው። የረቀቀ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ማታ ስልኩን ሳሎን ሰክታችሁ ተኙ እላቸዋለሁ አሉ። ዮሴፍም እዚሁ ግብፅ ውስጥ ልብሱን ጥሎ እንደሮጠ፣ ቆሞ ክርክር እንዳልገጠመ አስታወሱኝ። ማሚቱ፣ ዮሴፍ በወንድሞቹ ዘንድ ሳለ 17 ዓመቱ ነበር፣ ያንቺው ዕድሜ። ስለሮጠ ግን አልተሸለመም፤ እስር ቤት ገባ። ክፍል ውስጥ ሁሉም ሲኮርጅ አንቺ ባትኮርጂ ውጤትሽ ከእነርሱ ሊያንስ ይችላል፤ አያንስም የሚልሽ ሰባኪ ቢገጥምሽ አትመኚው። እንዲያም ሆኖ አትኮርጂ።

ከቅዳሴ በኋላ ፉል በዳቦ አብልተውን (ዓርብ ስለሆነ ዘይት እንጂ ቅቤ የለውም) ግንቡን አየን። በርበሮች ከአንድ ጊዜ በላይ ስለመጡ፣ መነኮሳቱ በኋላ ዘመን ከፍ ያለ የመሸሸጊያ ግንብ ሠርተዋል። መግቢያው ፎቅ ላይ ነው፤ የእንጨት ድልድዩን ከውስጥ ጎትተው ሲያነሡት ጠላት ከታች ይቀራል። ማሙሽ ቢያየው ቀኑን ሙሉ አይወርድም ነበር።

የቅዱሱ ዐፅም ካለበት ሣጥን አጠገብ ሰዎች የጸሎት ልመናቸውን በትናንሽ ወረቀት ጽፈው ያስቀምጣሉ። እኔም የሦስታችንን የክርስትና ስም ጽፌ አኖርሁ። በኋላ ትዝ ሲለኝ የእናታችሁን ረስቻለሁ፤ እንዳትነግሯት።

የምመለሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ከንስሐ አባታችን ጋር ከተመለስሁ በኋላ ላለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮ ያዙልኝ፤ ለሁለታችሁ ብቻ ሳይሆን ለእኔም ጭምር፣ ለየብቻ እንገባለን። ጠዋት ቶሎ ስለሚወጡ ዓርብ ማታ ደግማችሁ ደውሉላቸው። ቴምሩን ለእናታችሁ፣ የካይሮ ክለብ ማልያውን ለማሙሽ ይዣለሁ። ማሚቱ የጠየቅሽውን መጽሐፍ ገና እየፈለግሁ ነው።

አጎታችሁ