የዋጋ ጽሕፈት እውነተኛ ይሁን

መግዛትና መሸጥ ሰው ከሰው ጋር የሚገናኝበት ከሁሉ የሰፋ በር ነው። ወደ ትምህርት ቤት የማይሄድ፥ ወደ ዳኛ ፊት የማይቀርብ፥ ከጎረቤቱም ጋር የማይነጋገር ሰው ቢኖር ስንኳ ጨው ለመግዛት ከቤቱ መውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ የአንድ ከተማ ሕዝብ እርስ በርሱ የሚተማመን መሆኑንና አለመሆኑን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ገበያውን ቢመለከት ብዙ ነገር ይረዳል። እኔም ዛሬ ለመናገር ያሰብሁት በአዲስ አበባ በምኖርበት ሰፈር ስላለው አንድ ሱፐርማርኬት ነው። ስሙን ግን አልጠራም፤ ነውሩ የእርሱ ብቻ ስላልሆነ የአንዱን ስም መጥራት የቀሩትን ንጹሐን ማስመሰል ይሆናልና።

አስቀድሞ የጉልቱን ነገር እናስብ። በጉልት ሻጪቱ ከሽንኩርቷና ከጎመኗ ኋላ ተቀምጣ ዋጋ ትጠራለች፤ ገዥውም ይቀንሳል፤ እርስዋ ትምላለች፥ እርሱ ጥሎ እንደሚሄድ ሆኖ ሁለት እርምጃ ይራመዳል፤ መልሳ ትጠራዋለች። ከተስማሙም በኋላ «መርቂልኝ» ሲላት አንድ እፍኝ ትጨምርለታለች። ይህ ጭማሪ ምርቃት መባሉ ያስደስተኛል፤ ሽያጩ በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በመልካም ቃል ጭምር እንደሚፈጸም ያሳያልና። በዚህ ገበያ የተጻፈ ዋጋ የለም። ነገር ግን ገዥው አፍ አለው፤ የሻጪቱንም ፊት ያያል። እንዳይታለል የሚጠብቁት አፉና ዓይኑ ናቸው።

ሱፐርማርኬት ግን በሌላ ሥርዓት የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ክላረንስ ሳውንደርስ የተባለ ነጋዴ በአሜሪካ በሜምፊስ ከተማ ፒግሊ ዊግሊ የተባለውን መደብር በከፈተ ጊዜ፥ ገዥው ራሱ በመደርደሪያው መካከል እየተመላለሰ የፈለገውን አንሥቶ በመውጫው በር እንዲከፍል አደረገ። ከዚያ በፊት በነበረው ልማድ ዕቃውን ከመደርደሪያ አውርዶ፥ መዝኖና ዋጋውን ተናግሮ የሚሰጠው ባለ ሱቁ ነበር። እንግዲህ በአዲሱ ሥርዓት ባለ ሱቁ ከመካከል በወጣ ጊዜ በእርሱ ፈንታ የሚናገር አንድ ነገር አስፈለገ፤ ይኸውም በየዕቃው የሚጻፈው ዋጋ ነው። ይህን ልብ ማለት ይገባል። በጉልት ገዥውን የሚጠብቀው አፉ ነው፤ በሱፐርማርኬት የሚጠብቀው ጽሕፈት ብቻ ነው። አፉን በር ላይ ትቶ የገባው ጽሕፈቱን አምኖ ነውና፥ ጽሕፈቱ ከዋሸ ምንም የቀረው ነገር የለም።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። በደጁ የቆመው ወጣት ጥበቃ «ፋዘር፥ ቦርሳዎንና ጃንጥላዎን እዚህ» ይለኛል። ቦርሳዬ ውስጥ ከመጽሐፍና ከመነጽር በቀር ምንም የለበትም፤ ቢሆንም ሥርዓት ነውና አስረክቤ ቁጥር እቀበላለሁ። በዚህ አልከፋም። የሚከፋኝ እኔ በደጁ እንዲህ ተፈትሼ ስገባ፥ በውስጥ ያለው ጽሕፈት ማንም ሳይፈትሸው መቆየቱ ነው። ከሩዙ ሥር የፓስታ ዋጋ ተለጥፏል፤ ከፓስታው ሥር ምንም የለም፤ ከዘይቱ ሥር ያለው ወረቀት ፀሐይ መትቶት ቁጥሩ 3 ይሁን 8 አይታወቅም። በአጠገቡ የቆሙትን ሁለት ልጆች ብጠይቃቸው ጨዋታቸውን ሳያቋርጡ «ካሸሯ ጋ ይነግሩዎታል» ይሉኛል። አንድ ቀን 145 ብር ተብሎ የተጻፈበትን አንድ ኪሎ ሩዝ ይዤ ብቀርብ 172 ብር ተጠየቅሁ። ስለ ምን ብዬ ብጠይቅ ገንዘብ ተቀባይዋ «እሱ የድሮው ነው» አለችኝ። የድሮው ከሆነ ማን አስቀመጠው? ብዬ ብጨምር ግን መልስ አላገኘሁም።

በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች አንድ ቃል ሁለት ፍች ሲኖረው እናደንቃለን፤ ሰሙን አልፈን ወርቁን ስናገኝ ደስታችን ብዙ ነው። ዋጋ ግን እንደ ቅኔ አይደለም። አንድ ዕቃ በመደርደሪያው ላይ ሰም፥ በገንዘብ መቀበያው ዘንድ ወርቅ ሲኖረው፥ ወርቁ ሁልጊዜ የሚከፈለው ከገዥው ኪስ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝም ይህ ነው፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ተሳስቶ የተጻፈው ዋጋ ከእውነተኛው በልጦ የተገኘበትን ቀን አላስታውስም። ስሕተት ከሆነ አንዳንድ ጊዜ ስንኳ ወደ ገዥው ወገን ማዘንበል በተገባው ነበር።

ነጋዴው የሚያቀርበውን ምክንያት ሳልሰማ አልፈርድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ዋጋ እየወጣ መሄዱን ሁላችንም አይተነዋል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ተጨማሪ እሴት ታክስም አለ፤ ከመቶ 15 ነው። በአንዳንድ ዕቃ ላይ «የተጻፈው ከቫት በፊት ነው» ይሉናል። ይህ ሁሉ እውነት ይሁን። ዳሩ ግን ዋጋ መውጣቱ ሌላ፥ የወጣውን ዋጋ አለመጻፍ ሌላ ነው። ዋጋው በወጣበት ቀን ማሽኑ ውስጥ ያለው ቁጥር ወዲያው ይለወጣል፤ በመደርደሪያው ላይ ያለው ግን ወር ይቆያል። ለራሱ የሚጠቅመውን ለመለወጥ ጊዜ ያገኘ ሰው፥ ለገዥው የሚጠቅመውን ለመለወጥ ጊዜ አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ከዋጋው ቀጥሎ ያለው ጽሕፈት የመጠቀሚያ ጊዜን የሚናገረው ነው። በዚህ ነገር ባሕረ ሐሳብ መማሬ በወተት ቆርቆሮ ፊት ይጠቅመኛል ብዬ ከቶ አላሰብሁም ነበር። ቀኑ የተጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ ገዥው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሲሆን 7 ዓመት፥ ከዚያ ወዲህ ሲሆን 8 ዓመት መቀነስ አለበት። ደግሞ 05/09 የሚል ሲያገኝ ቀኑ ይቅደም ወሩ ይቅደም አይታወቅም፤ አንዱ አገር እንዲህ፥ ሌላው አገር እንዲያ ይጽፋልና። ይህንንም ሁሉ አስልቼ በጨረስሁ ጊዜ በቀኑ ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበት አገኘዋለሁ። በጾም ወራትም ብስኩት ለመግዛት የፈለገ ሰው ወተት ያለበትና የሌለበትን ለመለየት በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈውን ያገላብጣል፤ ቢጠይቅ «የጾም ነው አባቴ» ይሉታል፤ ነገር ግን ይህን ያለችው ልጅ ጽሑፉን አላነበበችውም።

ስለ ቀረው ባጭሩ ልናገር። ሌሊት መብራት ሲጠፋ፥ ወይም ለቁጠባ ሲባል ማቀዝቀዣው ሲዘጋ፥ ጠዋት ደግሞ ይከፈታል፤ ወተቱም በላዩ የተጻፈው ቀን ገና ሳይደርስ እሳት ላይ በተጣደ ጊዜ እንደ አይብ ይቋጠራል። መልስ ስንቀበልም «ዝርዝር የለም» ተብለን በሁለትና በሦስት ብር ፈንታ ማስቲካ ይሰጠናል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ማስቲካ የማኝክ ሰው አይደለሁም። ተጠራቅሞ የተገኘውን ማስቲካ አንድ ቀን ወስጄ «እንግዲህ በእናንተ ገንዘብ ልክፈል» ብላቸው ሳቁ፤ አልተቀበሉኝም ግን። ለእኔ ሲሰጥ ገንዘብ የሆነው ከእኔ ሲመለስ ከረሜላ ሆነ።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት የሚያስቅ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ደመወዝ ያለን ሰዎች ተቆጥተን ከፍለን እንወጣለንና። አሁን የምናገረው ግን አያስቅም። አንድ ቀን በተራ ቆሜ ሳለሁ ከፊቴ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ሊትር ዘይት፥ ሁለት እሽግ መኮሮኒ፥ አንድ የልብስ ሳሙናና ትንሽ የልጅ ብስኩት ይዘዋል። ገንዘቡ በመሐረብ ጫፍ ተቋጥሮ በእጃቸው ነበር። ሒሳቡ ሲነገራቸው መሐረቡን ፈትተው ቆጠሩ፤ ደግመውም ቆጠሩ። 46 ብር ጐደለ። ገንዘብ ተቀባይዋ ፊቷን ወደ ማሽኑ አድርጋ «እማማ፥ የትኛው ይቀነስ?» አለቻቸው። ከኋላ ያለው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። እኔ የጐደለውን ልሙላ ብዬ እጄን ብዘረጋ እንዲህ አሉኝ፤ «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። የገንዘቡ ነገር አይደለም፤ እኔ እኮ ቆጥሬ ነበር የያዝሁት።» ሳሙናውንና ብስኩቱን አስመልሰው ሄዱ።

ቆጥረው ነበር። ወደ መደርደሪያው ሄጄ በተጻፈው ዋጋ ብደምረው በመሐረባቸው ካለው ጋር ልክ ሆኖ አገኘሁት። እኒያ እናት ያላቸውን የሚያውቁ፥ ጽሕፈትን አንብበው፥ በልባቸው ደምረው፥ ከአቅማቸው ያላለፉ ጠንቃቃ ሴት ናቸው። ያ ሐሰተኛ ወረቀት ግን በሰው ፊት አቅሟን የማታውቅ ሴት አስመሰላቸው። 46 ብር በሌላ ቀን ይገኛል፤ በተራ በቆመ ሕዝብ ፊት የወረደ ክብር ግን በምን ይመለሳል?

የዋጋውን ወረቀት ይዤ ወደ ኃላፊው ሄድሁ። ትሑት ወጣት ነው፤ ተነሥቶ ተቀበለኝ። ነገሩን ከሰማ በኋላ ግን «አባቴ፥ ትክክለኛው ማሽኑ የሚያነበው ነው» አለኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ማሽኑ የሚያነበው ባርኮድ የሚባለውን፥ ጥቁርና ነጭ ሰረዝ የተሰለፈበትን ምልክት ነው። ይህ ምልክት በሱፐርማርኬት መጀመሪያ የተነበበው ሰኔ 19 ቀን 1966 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦሃዮ፥ ትሮይ በተባለች ከተማ ነው፤ የተነበበበትም ዕቃ የማስቲካ እሽግ ነበር። መልካም ብልሃት ነው፤ ሥራን ያፈጥናል። ነገር ግን ማንም መምህር ማንበቡን ያላስተማረን ጽሕፈት ነው። እንግዲህ እንደ ኃላፊው አነጋገር ሰው የማያነበው ጽሕፈት እውነተኛ ሆነ፤ ሰው የሚያነበው ጽሕፈት ግን ከንቱ ሆነ ማለት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። ያዘዘውም ለማሽን እንዲታይ ሳይሆን ለሰው እንዲታይ ነው። በቀደመው ዘመንም ቢሆን የነገሩ ክብደት የታወቀ ነበር፤ ፍትሐ ነገሥት ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው።

በሠራተኞቹ ላይ ብቻ መፍረድ አይገባም። ልጆቹ ከጠዋት እስከ ማታ ይቆማሉ፤ ደመወዛቸውም ጥቂት ነው፤ የዋጋውን ወረቀት እንዲለውጡ የሚያዛቸውም የለም። የሚያስፈልገው ግን ብዙ ወጪ አይደለም። ከበሩ መከፈት በፊት አንዲት ልጅ ወረቀትና ብዕር ይዛ በመደርደሪያው መካከል ብትመላለስ፥ በማሽኑ የተለወጠውንም በመደርደሪያው ብትለውጥ ይበቃል። ይህ እስኪሆን ድረስ ደግሞ ሁለቱ ዋጋዎች በተለያዩ ጊዜ የተጻፈው ይከፈል ቢባል፥ ባለቤቱ ወረቀቶቹን በአንድ ሌሊት እንደሚያድስ አልጠራጠርም።

ለእኛም የሚነገር አለ። ፊደል የቆጠርን ሰዎች ስለ ሃያ ብር መከራከር ያዋርደናል ብለን ዝም እንላለን። ይህ ዝምታ ጨዋነት ይመስለናል፤ ነገር ግን የእኛ ዝምታ የሚከፈለው በመሐረብ ቋጥረው ከሚመጡት ነው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ትንሽ ደብተር ይዤ እገባለሁ፤ ያነሣሁትን ዕቃ ዋጋ እየጻፍሁ በሒሳብ ጊዜ አስተያየዋለሁ፤ ቢለያይ በትሕትና እጠይቃለሁ፥ ደረሰኜንም ሳልቀበል አልሄድም። ልጆቹም አሁን ለምደውኝ «ባለ ደብተሩ አባት መጡ» ይባባላሉ። ደብተራ መባል ለእኔ አዲስ ስም አይደለምና አልተቀየምሁም። ይልቁንም ይህን በተባባሉ ጊዜ አንዷ ተነሥታ የዘይቱንና የሩዙን ወረቀት ስታስተካክል አይቻለሁ። እንግዲህ አንባብያን ሆይ፥ አንድ ደብተር ሁለት ወረቀት ካስተካከለ፥ በየሰፈሩ ሃምሳ ደብተር ቢኖር ምን ያህል እንደሚያስተካክል እናንተ አስሉት።