ከታላቅ እህቴ ጋር አምስተርዳም ሆስፒታል

ታላቅ እህቴ አምስተርዳም ከገባች 22 ዓመቷ ነው። እኔ ግን ከተማዋን ያየኋት ባለፈው መጋቢት፣ የጡት ካንሰር ተገኘባት ተብሎ ከተደወለልኝ በኋላ ነው። ቦዩንም ብስክሌቱንም በትራም መስኮት አየሁት፤ ልቤ ግን እዚያ አልነበረም።

ሆስፒታሉ ከመሀል ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው። የተሰየመው በአንቶኒ ቫን ሊዌንሁክ ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዴልፍት ውስጥ ጨርቅ ይነግድ የነበረ፣ ራሱ በሠራው ማጉያ መነጽር በዓይን የማይታዩ ነፍሳትን ያየ ሰው። ጨርቁን ብርሃን ላይ ዘርግተው የሚመረምሩ የመርካቶ ነጋዴዎች ትዝ አሉኝ።

ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። የቀረው ጥያቄ ኬሞቴራፒ ያስፈልጋታል ወይ የሚለው ነበር። እማዬ ከደሴ በየማታው እየደወለች “ፀጉሯ ሊረግፍ ነው?” ትለናለች።

ሐኪሟ በሆላንድኛ ስታስረዳ እህቴ ትተረጉምልኛለች። የሰውነታችን ሴሎች የያዙት ዘረመል ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ የሚለያዩት የትኛው ሥራ ላይ እንዳለ ነው። እኔ የገባኝ ማታ ኮንዶሚኒየም እንደማየት ነው፤ የትኛው ቤት መብራት እንደበራ ይቆጠራል። ሥራ ላይ ያለ ዘረመል አር ኤን ኤ የሚባል መልእክት ያወጣል። ከዕጢው የተወሰደው መልእክት ተቀድቶ የሚያበራ ቀለም ይደረግበትና፣ ጥቃቅን ነጠብጣቦች በተደረደሩበት መስታወት ላይ ይፈስሳል። እያንዳንዷ ነጠብጣብ የአንድ የታወቀ ዘረመል ዲኤንኤ ይዛለች፤ መልእክቱ ከአምሳያው ጋር ይጣበቃል። ነጠብጣቧ ይበልጥ ካበራች ያ ዘረመል ይበልጥ እየሠራ ነው።

የዚሁ ተቋም ተመራማሪዎች ወደ 25,000 የሚጠጉ ዘረመሎችን እንዲህ ፈትሸው፣ 70ዎቹ ካንሰሩ የመዛመት ዕድሉን እንደሚጠቁሙ በ2002 እ.ኤ.አ. አሳወቁ። በ2016 ደግሞ 6,693 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ወጣ። በተለመደው መመዘኛ ስጋታቸው ከፍተኛ፣ በ70ዎቹ ግን ዝቅተኛ ሆኖ ኬሞቴራፒ ካልወሰዱት ውስጥ 95 በመቶ ያህሉ፣ ከ5 ዓመት በኋላ ካንሰሩ ወደ ሩቅ አካል ሳይዛመት በሕይወት ነበሩ። ከወሰዱት ጋር ያለው ልዩነት 1.5 በመቶ ገደማ ነው። ከ50 ዓመት በታች ላሉት ልዩነቱ ሰፋ ይላል፤ እህቴ 58 ናት።

ውጤቷ ዝቅተኛ ስጋት ሆነ። ሐኪሟ ምርጫውን ለእሷ ተወችላት። ትራም ስንጠብቅ “ከ1.5ቱ ውስጥ ብሆንስ?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለት ትራም አሳለፍን።

በሳምንቱ የሆርሞን ክኒኑን ብቻ እንደምትወስድ ወሰነችና ለእማዬ በቪዲዮ ደወልን። እማዬ ዝም ብላ ሰማችን፤ ከዚያ “እስቲ ሻሽሽን አውልቂና አሳዪኝ” አለቻት።