የአባቴ ውሻ

በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም.፣ የአባቴ ተዝካር በወጣ ማግስት፣ ጌታ አልባ የቀረውን ውሻውን ይዤ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ፣ ወደ እኅቴ ቤት ተነሣሁ። መኪናውን የተዋስሁት ከባልንጀራዬ ነው። መንገዱ ከአንድ ሰዓት የማያልፍ ሲሆን፣ በየኮረብታው ሥር እየቆምሁ ቀኑን ሙሉ ፈጀሁበት፤ ለመድረስ አልቸኮልሁምና። የጮቄ ተራራ በስተ ኋላችን ቀርቷል። ጤፉ ቢጫ ለብሶ አጫጁን ይጠብቃል፤ በየደጁ የተሰጣው በርበሬም ከሩቅ ሲያዩት ቀይ ግምጃ ይመስላል።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለአገር ሁሉ ባስተዋወቃት በማንኩሳ ቡና ልጠጣ ወረድሁ። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ዘንድሮስ ውሻም ተሳፋሪ ሆነ?» ብለው ሳቁ። የማን እንደ ሆነ ስነግራቸው ግን ሳቃቸውን ገትተው «ነፍስ ይማር» አሉ።

ውሻው ፊቱን ወደ መጣንበት አዙሮ ተቀምጧል። እኔ ከዚያ ቤት ለሥራ ስወጣ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብዬ አላየሁም ነበር። ቡናውን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ቡሬ የደረስነው ሲመሽ ነው። እኅቴ ከግቢው ጥግ አሰረችው፤ እንጀራ ብትሰጠው አልቀምስ አለ። ከውርሱ ሁሉ ለይቼ ለራሴ ያስቀረሁትን ጋቢ ከመኪናው አውጥቼ አነጠፍሁለት።

«ጋሼ፣ ኧረ ይኼ የአባባ ነው!» ስትለኝ፣ አሽትቶ ተኝቶበት ነበር።